ቀዩ ላይ የቆመው ጌጅ

እታለም፣

መኪናዋን ዛሬ ጠዋት ፈተሽኳት። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ያደረ ነው፤ ቁልፉን ገና ስከፍተው ግን የሙቀቱ ጌጅ ዘሎ ቀዩ ላይ ቆመ። ሙቀቱን ለጌጁ የሚነግረውን የሴንሰሩን ሽቦ ብነቅለው ወዲያው ወረደ።
የተበላሸው ሴንሰሩ ብቻ ነው።

አዲሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬልሻለሁ። እኔው ልገጥመው አንስቼው ነበር፣ መልሼ አስቀመጥኩት። መካኒኩ ሞተሩ ሳይሞቅ ይግጠመው፣ የራዲያተሩንም ውሃ ይየው።

ያን ቀን እማዬን ሆስፒታል ስንወስዳት፣ ኮፈኖውን በእጅሽ ነክተሽ «አልሞቀም፣ ንዳ» ብለሽኝ ነበር። እኔ ጌጁን አምኜ፣ ይብረድ ብዬ፣ አርባ ደቂቃ ሙሉ መንገድ ዳር አቆምኳችሁ።

ቁልፉ ሚስማሩ ላይ ነው። ከእንግዲህ አንቺ ንጂያት።

እማዬ ከኋላ ሆና «ተይው፣ እሱ ያውቃል» ነበር ያለችሽ። ከዚያ ወዲያ ድምጿን አልሰማንም።