ያልተካፈልነው ዋንጫ

ቅዳሜ፣ ጥር 16፣ ሀርጌሳ

ዋንጫው ቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጧል። ሳየው ደስ ይለኛል፣ ያሳፍረኛልም።

የዛሬው የፑል ፍጻሜ የእኔና የዳዊት ነበር። ዳዊት ከበርበራ ጭነት የሚያመላልስ ሾፌር ነው፤ ያወዳጀን ይኸው ጨዋታና አማርኛችን ነው። ለፍጻሜ የደረሱ ሰዎች እንደሚያደርጉት ሳንጀምር ጥግ ይዘን ተጨባበጥን። ማንም ያሸንፍ ማን፣ ገንዘቡ ለሁለት ነው። ስለ ዋንጫው አላነሳንም።

ጨዋታው መሀል ላይ አባቴ ገባ። ድሬዳዋ እያለን ጀምሮ ፑል የቦዘኔ ነው እያለ ሲቆጣኝ የኖረው አባቴ፣ ከዐስር ሶላት መልስ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። የዱላዬን ጫፍ ደጋግሜ ጠመኔ ቀባሁት። የአባቴን ቁጣ ስነግረው የኖርኩት ዳዊት እሱን አየው፣ ቀጥሎ እኔን አየኝ።

በመጨረሻ ለሁለታችንም ጥቁሯ ኳስ ብቻ ቀረችን። ተራው የዳዊት ነበር። ኳሷ ቀዳዳው አፍ ላይ ናት፤ እሷን ዓይኑን ጨፍኖም አይስትም። ሳታት። እኔ አስገባኋትና አለቀ።

ስንወጣ፣ "ሆን ብለህ ነው አይደል?" አልኩት።

"ዋንጫውን እንዴት እንደምንካፈል አልተነጋገርንም ነበር እኮ" አለኝና ወደ መኪናው ሄደ።

ቤት ስንገባ አባቴ ዋንጫውን ተቀብሎኝ በሽርጡ ጫፍ ወለወለው። ማሻአላህ ይለኛል ብዬ ቆሜ ስጠብቅ፣ ቀና ሳይል፣

"ያ ጓደኛህ ነገ ምሳ እዚህ ይብላ" አለ። "ለእኔ ሲል ነው የሳታት።"