ዝይ በእጃቸው የጠሩ ሰው፦ የአቶ ሌቪን ፒንደር የሕይወት ታሪክ

አቶ ሌቪን ፒንደር ከአባታቸው ከአቶ አይዛያ ፒንደርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ልዊዛ ፒንደር እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1942 በሜሪላንድ፣ ከቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ በስተምሥራቅ በምትገኘው በታበርስ ኔክ መንደር ተወለዱ። በተወለዱበት ዕለት ወንዙ በበረዶ ረግቶ ስለነበር አዋላጇ በውኃው ላይ በእግሯ ተራምዳ እንደመጣች እናታቸው ዕድሜ ልካቸውን ያወሩ ነበር። ወይዘሮ ልዊዛ በብርዱ ወራት የባሕር ዛጎል፣ በሙቀቱ ወራት የሸርጣን ሥጋ እየፈለቀቁ ልጆቻቸውን ያሳደጉ እናት ነበሩ። አቶ አይዛያ ደግሞ ከባልቲሞር ለሚመጡ አዳኞች ሲሠሩ ኖረዋል፤ ያለ ምንም መሣሪያ፣ በገዛ ጉሮሯቸው የዝይ ድምፅ እያሰሙ ዝይ ከሰማይ ያወርዱ እንደነበር የመንደሩ ሽማግሌዎች ይመሰክራሉ።

የአቶ ሌቪን ጉሮሮ ግን የአባታቸውን አልወረሰም። ጎረምሳ ሳሉ ደጋግመው ቢሞክሩ፣ አባታቸው ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው፣ “ልጄ፣ አንተ ስትጠራቸው እኮ ወደ ካናዳ ነው የሚመለሱት” አሏቸው። በዚያ ዘመን የዝይ ድምፅ የሚያወጣውን ፊሽካ መሰል መጥሪያ መንፋት ለአንድ ፒንደር እንደ ውርደት ይቆጠር ነበር። አቶ አይዛያ ግን ልጃቸውን ይዘው ከተማ ወደሚገኘው የአደን ዕቃ መደብር ሄዱ። እዚያም አቶ ሌቪን በኋላ ስንቱን ሰው ያስተማሩበትን ነገር ነገሯቸው፦ “መጥሪያ ሱቅ ውስጥ አይመረጥም። ሱቅ ውስጥ ሁሉም ያምራል። ሌላ ሰው ይንፋው፣ አንተ ራቅ ብለህ እንደ ዝይ ሆነህ ስማው።” ባለ ሱቁ እያጉረመረመ ደጅ ወጥቶ ነፋላቸው፤ አቶ ሌቪን ከመንገዱ ማዶ ቆመው ሰሙ። የሚያብረቀርቀውን ሁሉ ትተው መልኩ የደበዘዘ፣ ረዘም ያለ የእንጨት መጥሪያ መረጡ። ሱቅ ውስጥ ሻካራ የነበረው ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ የእውነተኛ ዝይ ሆኖ አገኙት።

አቶ ሌቪን የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በመንደራቸው፣ የሁለተኛ ደረጃውን በከተማው ለጥቁር ልጆች በተሠራው ትምህርት ቤት ተከታትለው በ1960 አጠናቀቁ። ለጥቂት ዓመታት በቲማቲም ማሸጊያ ፋብሪካ ሠሩ። በ1963 ለውትድርና ተጠርተው ሁለት ዓመት በጀርመን አገር ካገለገሉ በኋላ ወደ መንደራቸው ተመለሱ። ከ1966 ጀምሮ ጡረታ እስከወጡበት እስከ 2004 ድረስ የተማሪዎች አውቶቡስ ነድተዋል። በእሳቸው መስመር ላይ ያደጉ ሁሉ እንደሚያስታውሱት፣ አውቶቡሱ ልጆቹን አራግፎ ባዶውን ሲመለስ የዝይ መንጋ የጫነ ይመስል ነበር። የመንገዱ ውሾች በሙሉ ይከተሉት ነበር።

በ1967 ከወይዘሮ ኤርሊን ሴፋስ ጋር በማውንት ጊልያድ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጸሙ። ወይዘሮ ኤርሊን እስከ ዛሬ ድረስ የዚሁ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን የዝቅተኛው ድምፅ መሪ ናቸው። ቬርናና ዳርኔል የተባሉ ሁለት ልጆች ወልደው በሥርዓት አሳደጉ። የመጥሪያው ልምምድ ወደ አውቶቡስ የተሰደደውም በወይዘሮ ኤርሊን ትእዛዝ ነው። “በዚህ ቤት እፍ የሚባለው ትኩስ ሾርባ ብቻ ነው” ብለው ነበር። አቶ ሌቪንም በዚህ ነገር ላይ አንድም ቀን ተከራክረው አያውቁም።

በእነዚያ ዓመታት የአደኑ ሥራ ክፍፍል የታወቀ ነበር። ጥቁሮቹ በሌሊት ተነሥተው ከእንጨት የተቀረጹትን የማታለያ ዝዮች በማሳው ላይ ይደረድራሉ፣ የወደቀውን ይለቅማሉ፣ ላባውን ይነጫሉ። በማሳው ላይ በተቆፈረው መደበቂያ ጉድጓድ ውስጥ ከአዳኞቹ ጋር ተቀምጦ መጥሪያውን የሚነፋው ሌላ ነው። አቶ ሌቪን ከአሥር ዓመት በላይ በዚህ ሥራ ሲያገለግሉ መጥሪያቸው ከካፖርታቸው ኪስ አልወጣም። አንድ ጠዋት የማሳው ባለቤት የአቶ ሆሊስ ጠሪ በጉንፋን ሲቀር፣ አቶ ሆሊስ የሚይዙትን የሚጨብጡትን አጥተው፣ “ከእናንተ መሐል የሚሞክር አለ?” ብለው ጠየቁ። አቶ ሌቪን ወደ ጉድጓዱ ወረዱ። በዚያ ዕለት የሆነውን አቶ ሆሊስ ራሳቸው ሲናገሩ፣ “ዝዮቹ ኮፍያዬን ሊወስዱት ነበር” ይሉ ነበር። በ1978 አቶ ሆሊስ የማሳቸውን ምሥራቃዊ ጥግ እንዲያሳድኑበት ሰጧቸው። በታበርስ ኔክ ታሪክ የራሱ ጉድጓድ ኖሮት የራሱን አዳኞች የመራ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ሌቪን ፒንደር ናቸው። ቤተሰባቸው ይህን በኩራት ይናገራል።

የእሳቸው ትምህርት አጭር ነበር። “ጅራትና የክንፍ ጫፍ ካየህ ጥራ። ፊትና እግር ካየህ ዝም በል።” ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ይማራል፤ ሁለተኛውን የሚችለው ጥቂት ነው። ዝይ ፊቱን ወደ አንተ አዙሮ እግሩን እያወረደ ሲመጣ ደስታው አፍህን ያስከፍተዋል፤ አንዲት ትርፍ ድምፅ ግን መንጋውን ሁሉ ትመልሰዋለች። አቶ ሌቪን ያንን ደስታ የሚውጥ ጉሮሮ ነበራቸው። በ1995 ዝዮቹ ተመናምነው አደን ሲዘጋና ለስድስት ዓመታት ሳይፈቀድ ሲቆይ፣ ብዙዎች መጥሪያቸውን ሸጡ። እሳቸው ግን በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ወጣቶችን ሰብስበው ያስተምሩ ነበር። መጋቢው አንድ እሑድ መድረክ ላይ ሆነው፣ “ሚስተር ሌቪን፣ ረቡዕ በጸሎታችን መሐል አሜን ያለው ዝይ ነበር፤ ተቀብለነዋል” አሉ።

በኦክቶበር 2008፣ የአደን ወቅት ሊከፈት ሳምንታት ሲቀሩት፣ አቶ ሌቪን በስትሮክ ተመቱ። በእግራቸው ቆመው ከሆስፒታል ቢወጡም የቀኝ ፊታቸው ወደቀ፣ ቀኝ እጃቸው ሰነፈ፣ ንግግራቸው ተጎተተ። ቤት እንደገቡ የመጀመሪያ ሥራቸው መጥሪያቸውን አፋቸው ላይ ማድረግ ነበር። ከንፈራቸው አልገጥም ብሎ ትንፋሻቸው በጎን እያፏጨ ወጣ። መሳቢያ ውስጥ ያለውን መጥሪያ ሁሉ አንድ በአንድ ሞከሩ፤ አንዱም አልተናገረላቸውም። ወይዘሮ ኤርሊን ከበሩ ሥር ቆመው ይህን ሁሉ ሲያዩ ስለ ቤቱ ሕግ አንድ ቃል አልተናገሩም።

በዚያው ሳምንት የአቶ ሆሊስ ልጅ ዌይን መጣ። አባቱ ካረፉ ወዲህ ማሳውን የያዘው እሱ ነበር። ኮፍያውን በእጁ እያሽከረከረ፣ “ሚስተር ሌቪን፣ እንደ አባቴ ነው የማይዎት። ግን በዚያ ጥግ ዝይ ካልታደነ ስንዴዬን ከሥሩ ይግጠዋል። ከከተማ አንድ የአደን ማኅበር ጉድጓዱን ጠይቆኛል” አላቸው። ወቅቱ ሲከፈት በጉድጓዱ ውስጥ የሚጠራ ሰው ከሌለ፣ ሠላሳ ዓመት የያዙት ቦታ ወደ ሌላ እንዲሄድ ነገሩ ተቆረጠ። ጎረቤታቸው አቶ ኦቲስ ዎንገስ ሊጠሩላቸው ቀረቡ። አቶ ሌቪን በረንዳ ላይ ተቀምጠው ካዳመጧቸው በኋላ አመስግነው ሸኟቸው፤ ከዚያም ለባለቤታቸው፣ “ኦቲስ መልካም ሰው ነው። ዝምታ ግን አልፈጠረበትም” አሏቸው።

“ታዲያ ማን ይጥራልህ?” አሉ ወይዘሮ ኤርሊን።

አቶ ሌቪን ትክ ብለው አዩዋቸው።

“አንተ ሰውዬ፣ ራስህን ነው እንዴ የመታህ?”

“አዎ” አሉ አቶ ሌቪን። “ሐኪሙም እንደዚያ ነው ያለው።”

በማግስቱ ሁለቱ ወደ ማሳው ወጡ። አቶ ሌቪን የያዙት የአባታቸውን ምክር ነበር። ወይዘሮ ኤርሊንን ከጉድጓዱ አጠገብ አቁመው፣ እሳቸው በምርኩዝ እስከ ቦዩ ድረስ ርቀው ሄዱና በግራ እጃቸው ምልክት ይሰጡ ጀመር። መጀመሪያ ያስነፏቸው የዛሬ ወጣቶች የሚወዱትን አጭሩን የፕላስቲክ መጥሪያ ነበር። ድምፁ ብዙ ነው፣ ትንፋሽ ግን ይበላል። ወይዘሮ ኤርሊን ጥቂት ነፍተው አዞራቸው። ቀጥሎ በውስጡ የሚርገበገበው ምላስ ወፍራም የሆነውን፣ ቀጥሎም ረጅሙን የእንጨት መጥሪያ ነፉ። በዚህኛው የአቶ ሌቪን እጅ ወደ ላይ ወጣ። ሲመለሱ ግን ፊታቸው አልበራም።

“ምን ሆነ? ጥሩ አልነበረም?”

“በጣም ጥሩ ነው። እየዘመርሽ ነው።”

“ዕድሜዬን ሙሉ የማውቀው መዝሙር ነው፣ ሌቪን።”

“ዝይ እኮ ቤተ ክርስቲያን አይሄድም።”

የወይዘሮ ኤርሊን ችግር ይኸው ነበር። ድምፃቸው የጠራ፣ የለሰለሰና የተካከለ ነው፤ ዝይ ግን ድምፁ መሐል ላይ ካልተሰበረ አይሰማም። አቶ ሌቪን በተጎተተ ንግግራቸው እንዲህ አስተማሯቸው፦ በጉንጭ አይነፋም፤ መነጽር ለመጥረግ መስተዋቱ ላይ እንደሚተነፈሰው፣ ሙቅ ትንፋሽ ከጉሮሮ ይጀምራል፤ ከዚያ ሆድ ይገፋዋል፤ ድምፁም ወደ ላይ ተሰብሮ ይወጣል። ወይዘሮ ኤርሊን ወጥ ሲያማስሉ፣ ልብስ ሲያጥፉ፣ መነጽራቸውን በቀን ስንት ጊዜ በትንፋሽ እንደሚያደበዝዙ ልጃቸው ቬርና እያየች ትስቅ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በገዛ ወጥ ቤታቸው ውስጥ ድምፁ ተሰበረ። ዳርኔል በስልክ ይህን ሲሰማ፣ “እማዬ፣ በእኛ ጊዜ የነበረው ሕግ ምን ሆነ?” አላቸው። “ሕጉን ያወጣሁት እኔ፤ ምን አገባህ” አሉት።

ወቅቱ የተከፈተ ዕለት ከባልቲሞር የመጡት ደንበኞች ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ። ታናሽየው ወይዘሮ ኤርሊን ወደ ጉድጓዱ ሲወርዱ ባየ ጊዜ፣ “ሚስ ኤርሊን፣ ምሳችንን ይዘው ነው የመጡት?” አለ።

“ምሳም ይዣለሁ፣ ዝዩንም የምጠራው እኔ ነኝ። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብልህ የቱን ትመርጣለህ?”

ልጁ ወደ አቶ ሌቪን ቢዞር፣ አቶ ሌቪን፣ “ምሳህን እንዳታጣ አታስቀይማት” አሉት።

ከማሳው ዳር ዌይን መኪናውን አቁሞ ይመለከት ነበር። አቶ ሌቪን ግራ እጃቸውን በባለቤታቸው ትከሻ ላይ አሳረፉ። ስምምነታቸው እንዲህ ነበር፦ እጁ ሲጫን መንፋት፣ እጁ ሲነሣ ዝም ማለት። ከወንዙ በኩል አንድ መንጋ ተነሥቶ ወደ ጎረቤት ማሳ ሊያልፍ ጅራቱን ሰጠ። እጁ ተጫነ። ወይዘሮ ኤርሊን ነፉ፤ የመጀመሪያው ድምፅ ዘፈን ሆነ፣ ሁለተኛው ተሰበረ። መንጋው ዞረ። ክንፎቹን ዘርግቶ፣ እግሮቹን አውርዶ ፊቱን ወደ ጉድጓዱ ሲያዞር እጁ ከትከሻቸው ላይ ተነሣ። ወይዘሮ ኤርሊን በኋላ ሲናገሩ፣ መጥሪያው አፋቸው ውስጥ እንደ ፍም እንደሆነባቸውና አንድ ጊዜ ብቻ ለመንፋት ልባቸው እንደጓጓ ይናገራሉ። አልነፉም። ዝዮቹ በማታለያዎቹ መሐል ሲወርዱ ወንድማማቾቹ ተኮሱ። ዌይን ወደ ጉድጓዱ መጥቶ የወደቁትን ከቆጠረ በኋላ፣ “እንግዲህ ማኅበሩን አይሆንም እለዋለሁ” አለ።

ከዚያ ወዲያ አሥር ወቅቶች እንዲሁ አለፉ። ሰዎች ከፔንሲልቬኒያ ድረስ እጅ በትከሻ የሚጠሩትን ባልና ሚስት ለማየት መጡ። አቶ ሌቪን ምስጋናውን ለባለቤታቸው ሲተዉ፣ ባለቤታቸው ደግሞ፣ “እኔ ትንፋሹ ነኝ፣ ዝይ የሚጠራው እሱ ነው” ይሉ ነበር።

በመጨረሻው ወቅት፣ በጃንዋሪ 2019፣ አቶ ሌቪን ልባቸው ደክሞ ስለነበር ዳርኔል ተሸክሞ ወደ ጉድጓዱ አወረዳቸው። መንጋ ከበላያቸው ሲያልፍ ወይዘሮ ኤርሊን የእጁን ጫና ጠበቁ። እጁ ትከሻቸው ላይ ነበር፤ አልተጫነም፤ አልተነሣም። ዘወር ብለው ቢያዩ ባለቤታቸው ሰማዩን ያያሉ።

“ምነው ዝም አልክ?”

“እኔ ዛሬ ደንበኛ ነኝ” አሉ አቶ ሌቪን። “ጠሪዋ የምታደርገውን አያለሁ።”

ወይዘሮ ኤርሊን ጅራቱን ሲያዩ ነፉ፣ ፊቱን ሲያዩ ዝም አሉ። ዝዮቹ ወረዱ። አቶ ሌቪን በዚያ ቀን እንዲተኮስ አልፈለጉም፤ ዝዮቹ በስንዴው ላይ እየተንጎራደዱ እስኪጠግቡ ድረስ ሁሉም በጉድጓዱ ውስጥ ጸጥ ብሎ ተቀመጠ። ዌይን ይህን አልሰማም፤ እዚህ ሲነበብ ከሰማ ይቅር እንደሚላቸው ቤተሰቡ ያምናል።

አቶ ሌቪን ፒንደር በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ማርች 9 ቀን 2019 በተወለዱ በሰባ ሰባት ዓመታቸው፣ በቤታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው አጠገባቸው ሳሉ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ኤርሊን ፒንደርን፣ ልጆቻቸውን ቬርናንና ዳርኔልን፣ አምስት የልጅ ልጆችን፣ እንዲሁም በአውቶቡሳቸውና በምድር ቤቱ ያሳደጓቸውን ብዙ ልጆች ትተዋል። ወይዘሮ ኤርሊን በመጪው ኖቬምበር ጉድጓዱ እንደወትሮው እንደሚከፈትና የሚጠሩት እሳቸው እንደሆኑ ለጠየቀ ሁሉ እንዲነገር አዝዘዋል።

የሰማይ አእዋፍን መንገድ የሚያውቅ አምላክ የአገልጋዩን ነፍስ በሰላም ወደ ቤቱ ይቀበል። ለእኛም የሚናገሩበትንና ዝም የሚሉበትን ጊዜ የመለየት ጸጋ ያድለን። አሜን።