ማላጋን ከጻካኔ ሱቄ ሆኜ

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

ዛሬ ከጆሃንስበርግ ወጣ ብላ ባለችው ጻካኔ፣ ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ ስፔንን ጎበኘሁ። እዚሁ ጆሃንስበርግ ተወልዳ የአገሩን ፓስፖርት ያገኘችው ልጄ ማርታ ለትምህርት ማላጋ የምትባል የባሕር ዳር ከተማ ከገባች ሦስተኛ ቀኗ ነው። የእኔ የጥገኝነት ፔፐር ከአገር አያስወጣም። ስለዚህ በቪዲዮ ይዛኝ ዞረች።

ወደቡን አሳየችኝ፤ አሸዋ በተሞላ ጀልባ ላይ ዓሣ ሲጠብሱም አሳየችኝ። እኔ ግን ወደ እሷ የሚጠጋ ሰው ስፈልግ ዋልኩ። እዚህ ሁለት ጊዜ ስልኬን ቀምተውኛል። እሷንም መንገድ ላይ ስልክ እንዳታወጣ እያስፈራራሁ ነው ያሳደግኋት።

«ኪስሽ ክተቺው!»

«አባዬ፣ ኪሴ ከከተትኩት ምኑን ልታይ ነው?»

የሱቁን የብረት ፍርግርግ ተደግፈው አብረውኝ የሚያዩት አሮጊት ደንበኛዬ ሳቁብኝ። «ማይ ፍሬንድ፣ ልጅቷን ተዋት! ይልቅ ባሕሩን ትድገመን።»

ከሰዓት በኋላ ኮረብታው ላይ ወዳለው አሮጌ ምሽግ ወጣች። ስልኩን ግንቡ ላይ አቁማ «ሙሉ ቁመቴን እይ» አለችና ራቀች። አንድ ሰው በመካከላችን ገባ።

«ሄይ ዌና!» ብዬ ጮኽኩበት፤ በዙሉ «አንተ!» ማለት ነው።

ሰውየው ደነገጠ። ጎንበስ ብሎ አየኝ፣ ፈገግ አለ፣ እጁን አውለብልቦልኝ ሄደ።

ማርታ ሁለቱንም ባዶ እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ ትስቃለች። አሮጊቷ እልል አሉ። «ተመለሺ» ልላት አፌን ከፍቼ ነበር።

«ትንሽ ራቅ በይ፤ ባሕሩም ይግባ» አልኳት።