ጮቄ ላይ የጨለመብን ጂፒኤስ

ለውድ ወንድሜ ለወንድም ጋሼ ምናለ ገዳሙ፣ ካለህበት ሻርጃ ይድረስህ።

እንደምን ከርመሃል ወንድም ጋሼ? ጤናህ እንዴት ነው? ያ ወገብህ በጋራዡ ሲሚንቶ ላይ እየተኛህ መሥራቱን ቻለው ወይስ አሁንም ጠዋት ጠዋት ያስቃስትሃል? ባለቤትህስ ደህና ናት? ልጃችን ሂዊስ? በላክኸው ፎቶ ላይ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስታይ እማዬ ሳቀችም አለቀሰችም። ሙቀቱስ ትንሽ በረደላችሁ? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ዳሩ ግን ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ደህና ሳንሆን ደህና ነን ስላልኩህ ነው።

በመድኃኔዓለም ማግስት ደውለህ «አባባስ?» ስትለኝ «ትንሽ ጉንፋን ይዟቸው ነው» አልኩህ። አባባ አጠገቤ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር፤ ምን ልበልህ? ከዚያን ቀን ወዲህ ያቺ ውሸት እህል አላስበላ አለችኝ። ጎረቤታችን አብይ ፈንታ ለሥራ ወደ እናንተ ስለሚመጣ በእጁ ላክሁልህ። ስታነበው ትቆጣለህ፤ ተቆጣ። ብቻ ለአባባ እንዳትደውልላቸው፣ መጀመሪያ ለእኔ ደውል። ምክንያቱን ኋላ ታየዋለህ።

አባባ ካለፈው ክረምት ጀምሮ «የዜማ ቤት ጓደኞቼን ሳላያቸው ዓይኔ እንዳይፈስ» እያሉ መቀመጫ ነስተውን ነበር። ከደምበጫ እስከ ባሕር ዳር፣ ከሞጣ እስከ መርጡለ ማርያም የተበተኑ አምስት ሽማግሌዎች ናቸው። የአስም ሕመማቸውን ስለማውቅ በአውቶቡስ ይሂዱ ብላቸው «አውቶቡስ እነሱ ደጅ ድረስ አይገባም» አሉኝ። እኔ ደግሞ የማላውቀውን እንግዳ በሞተር ሳይክል አገር ለአገር እየመራሁ የምኖር ሰው፣ የገዛ አባቴን አልወስድም ለማለት አፍ አልነበረኝም። ከኋላ መደገፊያ ያለው መቀመጫ አሠራሁላቸው፣ አንተ የላክህልኝን ጂፒኤስ ከመሪው ላይ ሰካሁና ወጣን።

ጠዋት ጠዋት ሞተሩን አስነስቼ ሳሞቅ አባባ ከቤት በሃይላንድ የያዙትን የኪዳነ ምሕረትን ጠበል ይዘው ይመጣሉ። መጀመሪያ የፊት ጎማውን ይረጫሉ፣ ቀጥለው መሪውን፣ በመጨረሻ ጂፒኤሱን። ጂፒኤሱ ላይ ሲደርሱ እጃቸው አይቆጥብም። «መንገዱን የሚያውቀው እሱ አይደል? እሱ ይጠበቅ» ይላሉ። አንተም ስትልክልኝ «ውኃ ውስጥ ብትነክረው ምንም አይለውም» ብለኸኝ ስለነበር እኔ ዳር ቆሜ አሜን ከማለት በቀር ያሰብኩት ነገር አልነበረም።

የተጓዝንበት ሰባት ቀን እንዴት ያለ ነበር መሰለህ! ደምበጫ ላይ ጓደኛቸው በድምፃቸው ነው ያወቋቸው፤ የሰውየው ዓይን ጠፍቷል። ተቃቅፈው ሲያለቅሱ እኔ ሰንሰለት የማጠብቅ መስዬ ዞር አልኩ። መርጡለ ማርያም ደርሰን ስንመለስ ነው ነገሩ የመጣው። ጉንደ ወይን ላይ አባባ «የምናውቀውን የብቸናን መንገድ እንያዝ» አሉኝ። እኔ «በጮቄ ብናቋርጥ ለመድኃኔዓለም ዋዜማ ቤታችን ነን፤ መሣሪያው እያለ ምን እንፈራለን?» አልኳቸው። ይህች ቃል የእኔ ናት። ማንም አላስገደደኝም።

ድጓ ጽዮንን አልፈን ከፍ እንዳልን፣ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ጉሙ ከታች ተነስቶ መጣብን። ረጅሙ የደጋ ተክል፣ ጅብራው ሁሉ ቆሞ የሚጠብቀን ሰው መሰለኝ። መንገዱ እየተጠገነ ስለነበር መኪናውም ፈረሱም በሣሩ ላይ የየራሱን ዱካ አውጥቷል፤ የቱ ወደ ሰው እንደሚያደርስ፣ የቱ ወደ ገደል እንደሚወስድ አይለይም። እኔ ዓይኔን ከጂፒኤሱ መስመር ሳልነቅል እየነዳሁ ሳለ የመሣሪያው መስተዋት ደበዘዘ፣ ኃይል ተቋርጧል የሚል ጽሑፍ አወጣና ጨለመ። በዚያችው ቅጽበት አባባ ትከሻዬን ሁለቴ መታ መታ አደረጉኝ። ቁም ማለታቸው ነው፤ ከቤት ስንወጣ የተስማማንበት ምልክት ነው።

ወርደው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሲተነፍሱ ደረታቸው ያፏጫል። ወደ አፍ የሚነፋውን የአስም መድኃኒት አውጥተው ሲጫኑት ባዶ አየር ወጣ። ሞጣ ላይ አልቆ ነበር ለካ! «ጉዞው እንዳይቋረጥብኝ ብዬ ነው» አሉኝ፣ ያውም እንደ ሕፃን አንገታቸውን ደፍተው። ስልኬን ባወጣ ኔትወርክ የሚባል የለም። የሚያልፍ ሰው የለም። ከንፈራቸው ጠቆር እያለ ሲሄድ አየሁት ወንድም ጋሼ፣ እጄን የማደርግበት አጣሁ።

አሁን የሠራሁትን ስህተት ልንገርህ። ጉሙ ሳተላይቱን ጋርዶብን ነው ብዬ ደመደምኩ። አባባን እንደገና አስቀምጬ፣ በጉሙ ውስጥ መንዳቱን ስለፈራሁ ሞተሩን በእግሬ እየገፋሁ ዳገት ወጣሁ፣ ከፍ ብንል ይይዛል በሚል። ግማሽ ሰዓት ገፋሁ። ጉም ሳተላይት እንደማይጋርድ፣ ቢጋርድስ መስተዋቱን እንደማያጨልም የማያውቅ መሪ! ሲደክመኝ ቆሜ ፊውዙን ፈታሁ፣ ደህና ነው። ሽቦውን ከባትሪው ጀምሬ በጣቴ እየዳበስኩ ሄድኩ፣ የተበጠሰ የለም። ማብሪያውን ተጫንኩ፣ ደግሜ ተጫንኩ፣ በመጨረሻ ብሽቅ ብዬ በመዳፌ መታሁት። አባባ በዚያ ትንፋሻቸው «ምነው አንሙት፣ ብትመታው ይገባዋል?» አሉኝ።

ያን ጊዜ የአንተ ነገር ትዝ አለኝ። ገና እዚህ ሳለህ የሰው ሬዲዮ ስትጠግን «መጀመሪያ ብረትና ብረት የሚነካካበትን እይ» ትለኝ አልነበር? ጂፒኤሱን ከማቀፊያው ነቀልኩት። ኤሌክትሪኩን የሚያቀብሉት አራቱ የነሐስ ጥርሶች አረንጓዴ ሻጋታ የመሰለ ነገር ለብሰዋል፣ ሁለቱማ ተበልተዋል። ለካስ ጂፒኤሱ ሁለት ቀን ሙሉ ከሞተሩ ኃይል ሳያገኝ በራሱ ባትሪ ብቻ ሲሠራ ኖሮ ነው ያለቀበት። የባትሪ መሙያዋ ምልክት ከሁለት ቀን በፊት ከጥግ ላይ መጥፋቷን አይቻለሁ፤ አይቼ ነው ዝም ያልኩት።

አባባ ብርዕ የሚቀርጹባትን ሰንጢ ለመንኳቸው። ሲያቀብሉኝ አረንጓዴውን አዩና «ምንድን ነው የበላው?» አሉ። «ዝናብ ነው አባባ» አልኩ። ፊታቸውን ሳላይ ነው ያልኩት። በሰንጢዋ ፋቅሁ፣ በነጠላ ጠርዝ ወለወልኩ፣ መልሼ ሰካሁት። ሲጫኑት ይበራል፣ ሲለቁት ይጠፋል። አባባ ይህን አይተው የጥምጥማቸውን ጫፍ በጥርሳቸው ይዘው ቀደዱና ሰጡኝ። በእሷ ጠፍሬ አሰርኩት። ጥቂት ቆይቶ መስመሩ ወጣ። መንገዳችን ከታች በስተግራችን ነበር፤ እኔ ስገፋ የነበረው ወደ ገደሉ ነው።

አባባን በጋቢያቸው ከወገቤ ጋር አሰርኳቸውና ቁልቁል ነዳሁ። ፉጨታቸው ጆሮዬ ሥር ነው። እሱ ሲሰማ እፈራለሁ፣ ሲጠፋ ደግሞ የባሰ እፈራለሁ። «አባባ!» ስላቸው በጣታቸው ትከሻዬን ይነካሉ። አንድ ጠመዝማዛ ላይ ጠራኋቸው፣ አልነኩኝም። ደግሜ ጠራሁ። ፍሬን ይዤ ዞር ልል ስል ጣታቸው መጣች፣ በጣም በዝግታ። ከዚያ በኋላ ስለነዳሁት መንገድ ብትጠይቀኝ አላስታውስም።

ሮብ ገበያ ጤና ጣቢያ ስንደርስ ትሕትና የምትባል ነርስ ተሸክማ ልታስገባቸው ምንም አልቀራት። ኦክስጅን አደረገችላቸው፣ መድኃኒቱን በጭንብል ሰጠቻቸው። ቀለማቸው ሲመለስ ወደ እኔ ዞራ «ግማሽ ሰዓት ብትዘገዩ ኖሮ» አለችና ተወችው። ግማሽ ሰዓት! እኔ ሳተላይት ፍለጋ ዳገት የገፋሁባት ግማሽ ሰዓት ናት።

ማታውን አሳድረው በማግስቱ ለቀቁን። አሁን በርትተዋል፣ መድኃኒታቸውን እኔ ነኝ የምይዘው፤ ሁለት ገዝቼ አንዱን ሞተሩ ላይ አስቀምጫለሁ። ለአባባ ያልነገርኳቸው ግን ዝናብ አለመሆኑን ነው። የኪዳነ ምሕረት ጠበል ጨው ጨው እንደሚል ታውቃለህ፤ በልጅነታችን ተጠምቀን ስንወጣ ከንፈራችን ላይ ነጭ ይቀር ነበር። ኤሌክትሪክ እያለፈበት ሰባት ቀን ሙሉ ስንረጨው ነው የበላው። ጥፋቱ የጠበሉ አይደለም፣ የአባባም አይደለም፤ መንገድ መምራት ሥራዬ ነው እያልኩ ዳር የቆምኩት የእኔ ነው። ግን አርባ ዓመት ያገለገሉበትን ቤተ ክርስቲያን ጠበል፣ ያውም እኔ እንድጠበቅ ብለው የረጩትን፣ እሱ ነው ሊገድልዎ የነበረው እንዴት ብዬ ልበላቸው? እንዳትደውልላቸው ያልኩህ ለዚህ ነበር። አንድ ቃል ብታመልጥህ ይገባቸዋል ብዬ ፈርቼ።

እስከዚህ የጻፍኩት ትናንት ነው። ዛሬ ጠዋት ወደ ባሕር ዳር እንግዶች ልቀበል ሞተሩን አስነስቼ ሳሞቅ አባባ ሃይላንዷን ይዘው ብቅ አሉ። ልከለክላቸው አልችልም፣ ዝምም ልል አልችልም። ቀስ ብለው ወደ መሪው መጡና ጥምጥማቸውን ፈቱ፤ ያችኑ ጫፏ የተቀደደችውን። አጣጥፈው ጂፒኤሱን ከነማቀፊያው ጥርቅም አድርገው ሸፈኑት። ከዚያ ጎማውን ረጩ፣ የቀረውን በሙሉ በእኔ ራስ ላይ አፈሰሱት። «ከቤት ከወጣን እስክንመለስ ጠብ ያለ ዝናብ አልነበረም እኮ አንሙት» አሉኝ። ውኃው ፊቴ ላይ ስለሚወርድ ማልቀሴን አላዩም፤ ወይም አይተው እንዳላየ ሆነው ይሆናል።

እንግዲህ ለባለቤትህ እጅ ነስቻለሁ በልልኝ። ሂዊን ጉንጮቿን ሳምልኝ፣ አዲሱ ጥርሷ ሲበቅል ፎቶ ላክልን። እማዬ ወለተ ሐዋርያት ዕለት ዕለት በጸሎቷ እንደምትጠራህ ንገረው ብላለች፤ የጮቄውን ነገር እሷ አታውቅምና አደራህን። እህታችን የብርጓል ሰላም ብላሃለች። ባለቤቴ መሲ ናፍቆቷ ብዙ ነው፣ በጮቄ ስላቋረጥኩ ግን አሁንም አኩርፋኛለች። አባባ ደግሞ ለአንተ እየጻፍኩ እንደሆነ ሲያውቁ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡና እንዲህ ብለህ ጻፍልኝ አሉ፦ «ልጄ ምናለ፣ ሌላ ማቀፊያ ብትልክለት ክዳን ያለው ይሁን። እኔ እንደሆነ መርጨቴን አልተውም።»

ታናሽ ወንድምህ አንሙት ገዳሙ
ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር 8 ቀን 2015 ዓ.ም.