እሳተ ገሞራው ላይ የተውኳት ልጅ

ለልጄ እናት፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ? ለወጉ ያህል አይደለም የምጠይቅሽ፣ የምሬን ነው። ከተለያየን ወዲህ ጽፌልሽ አላውቅም፤ ከጃቫ ከተመለስኩ ወዲህ ስልኬን ስለማታነሺ ነው ወረቀት ያነሳሁት። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እዚህ ሮተርዳም፣ ዴልፍስሃቨን ሰፈር ዝናቡ እንደ ድሮው ነው።

የሆነውን በተራ በተራ ልንገርሽ።

አንደኛ፣ ሩሐማን ይዞ ይመጣል ብለሽ ኢንዶኔዥያ፣ ጃቫ ድረስ ላክሽኝ፣ ብቻዬን ተመለስኩ። ተናደሽብኛል። እኔም ተናድጃለሁ። ልጅቷ አመድ ከሚተፋ ተራራ ሥር ቤት ተከራይታ ጭስ ስትለካ ነው የምትውለው። ሮተርዳም ሥራ የጠፋ ይመስል።

ሁለተኛ፣ ሥራዬን እይልኝ ብላ ተራራውን ይዛኝ ወጣች። ፍልሰታ ነበር፤ በልተህ ውጣ ብትለኝ እምቢ አልኩ። መንገድ ላይ ዓይኔ ጨለመ። ብትኖሪ ትስቂብኝ ነበር፤ አስጎብኚዎቹ አባቷ ነው እያሉ በባርኔጣቸው አራገቡልኝ። እሷ ሙዝ ልጣ አፌ ውስጥ ከተተችልኝና "አባዬ፣ ዋጥ። እዚህ የማዘው እኔ ነኝ" አለችኝ። ዋጥኩ።

ሦስተኛ፣ የእሳተ ገሞራው አፍ ጋ ለመድረስ ትንሽ ሲቀረን ጭሱ ጠቆረ። ሬዲዮዋን ሰማችና ሁሉም ይውረድ አለች። ይሄን ሁሉ አገር አቋርጬ ሳላየው ልመለስ ነው ወይ ብዬ ተከራከርኩ፣ ማን ሊሰማኝ። ሰው ሁሉ ወረደ፣ እሷ ግን መጨረሻ። ታች ቆሜ ነይ፣ ነይ ስል ጉሮሮዬ ደረቀ። ወርዳ ሳትጨርስ የነበርንበት ቦታ ላይ ድንጋይ ዘነበ። አንድም ሰው አልተጎዳም። የመንደሩ ሴቶች እጇን ይዘው ሲያመሰግኗት አየሁ። ታዲያ ምን ብዬ ልጎትታት?

አራተኛው ላይ ነው የቸገረኝ። "እምቢ ካለችህ እናትሽ ታማለች በላት" ብለሽኝ ነበር። ዘዴ መሰለኝ። ኤርፖርት ስትሸኘኝ ራሷ ጠየቀችኝ፦ "እማዬ ድምጿ ደክሟል። አሟት ከሆነ አሁኑኑ አብሬህ እሄዳለሁ።" ቲኬት ልትቆርጥ ስልኳን አውጥታ ነበር። "ደህና ናት፣ ከሁላችንም ትሻላለች" አልኳት። አቅፋኝ ወደ ተራራዋ ተመለሰች።

እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ ጓደኛሽ ፀዳለ አገኘችኝ። ሄግ ሆስፒታል አይታሻለች፤ ሻሽ አስረሽ የማታውቂው ሴትዮ ሻሽ አስረሽ፣ ከስተሽ። እንዲህ ነው እንዴ የሚነገረው? "ታምሜአለሁ" ማለትና "ታማለች በላት" ማለት አንድ ነው?

ቀጠሮሽ መቼ እንደሆነ ለፀዳለ ንገሪያት። ሄግ፣ ትራንስቫል ሰፈር ያለው የትራም ፌርማታ ጋ እቆማለሁ። ማናገር የለብሽም፣ ቦርሳሽን እይዛለሁ። ለሩሐማ የሚነገረውን አንቺ ወስኚ፤ እኔ ሁለተኛ አልዋሽም።

እመብርሃን ከጎንሽ አትለይ። ለልጃችን የነገርኳትን እግዚአብሔር እውነት ያድርገው።

የልጅሽ አባት