ከምስሩ አጠገብ ያለችው ቱና

ውድ ባለቤቴ አያ ታደሰ፤

አስቀድሜ አንድ ወሬ ላርም። ብርሃኔ በስተርጅናዋ ጾም ሽራ ዓሣ ትበላለች እየተባለ ነው። ሐሰት ነው። የበላሁት ምስርና ጎመን ነው። በሰው ፊት አንቱ እልህ ነበር፤ ዛሬ ግን እንደ ጓዳችን ወግ አንተ እልሃለሁ።

ከተለየኸኝ ይህ ሁለተኛው ሁዳዴ ነው። የወሬው መነሻ ያንተው የዓሣ ቆርቆሮ ናት፤ ለፋሲካ ብለህ ከፒያሳ ገዝተህ ከምስሩ አጠገብ ያኖርሃት ቱና። ፋሲካውን ሳታይ ሄድህ፤ እኔም ካስቀመጥህበት አላነሣኋትም። በቀደም ጎረቤታችን አስናቀች ወንፊት ልትዋስ ገብታ አየቻት። እኔን ሳትጠይቅ ቁስቋም ደጀ ሰላም ላይ ለማኅበርተኞቻችን «እትዬ ብርሃኔ በሁዳዴ ዓሣ ደርድራለች» አለች። ሌላዋም «እንግዲህ ከእሷ ድስት ማን ይቀምሳል?» ብላ ሳቀች አሉ። ነገ ማርያም ናት፤ የማኅበሩ ተራ የእኔ ነው። አምና ሐዘን ላይ ነሽ ብለው ተራዬን ለሌላ ሰጥተውብኛል። አንተ ካረፍህ ወዲህ ቤታችን ሰው ሊሞላበት የነበረው ነገ ነው። ባይመጡ እንዴት እንደምችለው አላውቅም።

የምጽፍልህ ግን ስለ ቱና ስም የጀመርነው ክርክር ስላለቀ ነው። በወጣትነትህ ምጽዋ በጭነት ማኪና ስትመላለስ ጣሊያኖቹ ዓሣውን «ቶኖ» ሲሉት ሰምተህ ስሙ የጣሊያን ነው አልህ። ዓረብ ነጋዴዎች «ቱን» ይሉታል ያልኸኝም አንተው ነህ፤ ስለዚህ የዓረብ ነው አልሁ። «ባሕር ሳታዪ ስለ ዓሣ ትከራከሪያለሽ» ትለኝ ነበር። እኔም «ስም በመጽሐፍ ይገኛል እንጂ በመረብ አይያዝም» እልሃለሁ። አንዳችንም አልተሸነፍንም።

እሑድ ልጃችን ማኅሌት ከማራኪ መጥታ የስሙን ምንጭ ፈልጋ አነበበችልኝ። ቆርቆሮዋ ላይ የተጻፈው ቱና ከስፔን ቋንቋ የመጣ ነው። ስፔኖች ዓሣውን «አቱን» ይሉታል፤ እነሱም ከዓረቦቹ «ቱን» ወስደውታል፤ ቃሉ ወደ አሜሪካ ሲሻገር «ቱና» ሆነ። ዓረቦቹ ደግሞ ያገኙት ከግሪክ ነው ይባላል። የጣሊያኑም ቶኖ በላቲን በኩል ከዚያው ከግሪኩ የወረደ ነው። ስንት ዘመን ስንከራከር ከአንድ ምንጭ በወጡ ሁለት ጅረቶች ዳር ቆመን ኖሯል።

ትርጉሙን አጥብቄ ጠየቅኋት። እርግጡ ባይታወቅም፣ ግሪኮች መወርወር፣ መፈትለክ ከሚሉበት ቃል ሳይወጣ አልቀረም የሚሉ ሊቃውንት አሉ። ይህን ስሰማ ምጽዋ ያየኸውን ዓሣ በእጅህ አየር ላይ ስትሥልልኝ ትዝ አለኝ፤ ወገቡ ወፍራም፣ ጫፍና ጫፉ ቀጭን፣ ጭራው እንደ አዲስ ጨረቃ። «ይህ ዓሣ መዋኘት ካቆመ ይሞታል» ብለኸኝ ነበር። ቤት በዋልህ ቁጥር ወጥተህ ማኪናህን ትዞር የነበርህ ሰው፣ ዓሣውን ለምን እንደ ወደድኸው አሁን ገባኝ።

ማኅሌት ቆርቆሮዋን ደብቂያት አለችኝ። አልደብቃትም። እነዚሁ ሴቶች ከእኔ ጋር በየጾሙ የሽምብራ ዱቄት በዓሣ መልክ ቀርጸው፣ በዘይት ጠብሰው የሽምብራ ዓሣ ይበላሉ፤ ስሙ አንዳቸውንም አስገድፎ አያውቅም። ቱናዋን በፋሲካ ማግሥት ከማኅሌት ጋር እንከፍታታለን፤ አንተ ባሰብኸው በዓል።

ነገ ከቅዳሴ ስመለስ አስቀድሜ እጄን ታጥቤ የሽምብራውን ሊጥ አቦካለሁ። የመጀመሪያዋን ዓሣ አንተ እንደ ሣልኸው እቀርጻታለሁ፤ ጭራዋን እንደ አዲስ ጨረቃ። ቀጥዬ ቆርቆሮዋን ጠርጌ ከነእሽጓ ገበታው መካከል አኖራታለሁ፤ አስናቀች በእጇ ታገላብጣት። ከዚያ በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ እቀመጣለሁ። አንዲት ሴት ብቻ እንኳ ብትመጣ፣ ስምህን ጠርቼ የቃሉን መንገድ እነግራታለሁ፤ የአንተን ወገን አስቀድሜ።

ብርሃኔ