ሳናነብ የላክነው ድጋፍ

እሑድ

አንቀጽ አሥራ አራት ሰደበኝ። ስሜን አልጠራም እንጂ የሚያወራው ስለ እኔ ነው። «በዋስ ወይም በእማኝ ቃል ብቻ የተደረገ የቁም እንስሳት ሽያጭ አይጸናም» ይላል። ሻጭም ገዢም መታወቂያ ያሳያሉ፤ ለእንስሳው ደግሞ ከቀበሌ የተጻፈ የባለቤትነት ማረጋገጫ ይቀርባል። ይህ የሌለው ይያዛል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መነጽሬን ወልውዬ ደገምኩት። አልተለወጠም።

ወረቀቱን ያመጣችልኝ የልጄ ልጅ ሐያት ናት። በከተማችን ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ናት፤ ከክልል የሚመጡ ረቂቅ አዋጆችን ትከታተላለች። የትኛው ረቂቅ መቼ ደረሰ፣ ለየትኛው ቋሚ ኮሚቴ ተመራ፣ አስተያየት እስከ መቼ ይላካል፣ የከተማው አቋም ምንድን ነው፤ ሁሉንም ግድግዳ ላይ በለጠፈችው ሠንጠረዥ ትሞላለች። አንድ ቀን አይቼዋለሁ። «አቋም» በሚለው ሥር ከላይ እስከ ታች ድጋፍ፣ ድጋፍ፣ ድጋፍ። ምክር ቤት ነው ወይስ አሚን ባይ? ብያት ስቃ ነበር።

ዛሬ አልሳቀችም። የዚህም ድጋፍ ባለፈው ሳምንት፣ እሷ ፈቃድ ላይ እያለች፣ ማንም ሳያነበው ተልኳል። አስተያየት መቀበያው የፊታችን ዓርብ ያበቃል፤ ከሚሴ፣ ዞን ድረስ መግባት አለበት።

ለአስተያየት ደብዳቤ ይሆነኛል፣ ዋስ ምን እንደሆነ በአጭሩ ጻፉልኝ ብላለች። እዚሁ ልሞክረው። ሻጭና ገዢ ካልተዋወቁ መሃላቸው የሚቆም ሰው ዋስ ይባላል። የአንዱን እጅ በቀኝ፣ የሌላውን በግራ ይዞ «ይህን ሰው አውቀዋለሁ፤ ከብቱ የራሱ ነው» ይላል። ዱዓ ይደረጋል። አለቀ። ነገ ከብቱ የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ፣ ሻጩን ከገባበት ገብቶ የሚያመጣው ዋሱ ነው። እኔ ሠላሳ ዓመት ቆሜያለሁ።

ወዳጄ ዓሊስ? ከአፋር ቆላ ፍየል እየነዳ ይመጣል። መታወቂያ የለውም። ለፍየሎቹ የሚጽፍላቸውስ የትኛው ቀበሌ ነው? ሃያ ዓመት ዋሱ እኔ ነኝ። ይህ ረቂቅ እንዳለ ከጸደቀ ዓሊ ገበያችን አይደርስም።

እንተያያለን።

ሰኞ

አፈ ጉባኤው ቢሮ ሄድኩ። ሰይድ ይባላል። ሱሪ ሳይታጠቅ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ዛሬ ክራቫት ታጥቋል። ተነሥቶ ወንበር ሰጠኝ፤ አስተዳደጉ ጥሩ ነው።

የድጋፍ ደብዳቤውን ቅጂ አሳዩኝ። ያ ረቢ! «ይህ አዋጅ የከተማችንን የመንገድ መብራት ችግር በዘላቂነት እንደሚፈታ በመተማመን ሙሉ ድጋፋችንን እንገልጻለን።» የፍየል አዋጅ! ለካ ሁልጊዜ ያለፈውን ደብዳቤ ከኮምፒውተር አውጥተው ርእሱን ብቻ ይቀይራሉ። ማኅተሙ ግን ደማቅ ነው።

«ሰይድ፣ ፍየሎቹ አንገት ላይ አምፖል ልታንጠለጥል ነው?» አልኩት። አልሳቀም። ጸሐፊዋ ግን ወደ መስኮቱ ዞራ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ።

«አባ እንድሪስ፣ አንቱ ደግሞ! አንዴ ደግፌያለሁ ብሎ የጻፈ ከተማ ተመልሶ ተቃወምኩ ቢል ምን ይባላል?» አለኝ።

«ማንበብ ጀመረ ይባላል።»

ድጋፍ የሚነሣው በጉባኤ ድምፅ ብቻ ነው፣ እኔ ደግሞ ጉባኤ አልጠራም አለ። ሐያትንም ረቂቁን ለምን ቤት ወሰድሽ ብሎ ተቆጣት። ጣልቃ ገባሁ። ወረቀቱ ላይ «ለሕዝብ አስተያየት» ተብሎ ተጽፏል፤ እኔ ሕዝብ ካልሆንኩ ምን ልሁን? ጉልበቴ እያመመኝ ደረጃውን ወረድኩ። ፊቴ ላይ ግን ሕመሜን አላሳየሁም።

ማክሰኞ

ከዙህር ሶላት በኋላ ዋሶቹን መስጊዱ አጥር ሥር ሰበሰብኳቸው። ሰባት ነን። ጥርሳችን ቢደመር የአንድ ሰው አይሞላም።

አንዱ ዋስ ሼህ ኑሩ «አካም ኦልቴ፣ ጃርሳ?» ብሎ በኦሮምኛ አሾፈብኝ፤ ሽማግሌው፣ እንዴት ዋልክ ማለቱ ነው። በሦስት ዓመት ይበልጠኛል! ቀጥሎ ግን አሳቀቀኝ። ወረቀት መጥፎ ነው ያለው ማነው? አለ። ያቺን ቀይ ጊደር ረሳሃት?

አልረሳኋትም። ሻጩን አላውቀውም ነበር፤ አባቱን አውቅ ስለነበር ብቻ ቆምኩለት። ጊደሯ የሰው ሆና ተገኘች። ልጁን ሁለት ቀን በእግሬ ፈልጌ፣ ሰንበቴ ከተማ አግኝቼ፣ እየጎተትኩ አመጣሁት። ጊደሯ ለባለቤቷ ተመለሰች፤ እኔ ግን አንድ ወር ገበያ መሃል ቀና ብዬ አልሄድኩም። ይህን ለሐያት አልጻፍኩላትም። መጻፍ ነበረብኝ።

ስለዚህ ተከራከርን። የተስማማንበት፦

መታወቂያ ያለው ያሳይ፤ አንከለክልም።
የሌለው በዋስ ይሽጥ።
የዋሶች ስም ከተማው መዝገብ ላይ ይስፈር፤ ያጠፋ ይሰረዝ። (ይህን ሼህ ኑሩ ነው ያመጣው። ደግ ሐሳብ ነው፤ ለራሱ ግን አልነግረውም።)

እሺ፣ ማን ይሰማናል? እዚህ ላይ ሰይጣኔ መጣ። ከተማው አዋጁን ደግፏል አይደል? እንግዲያው ነገ እንደ አዋጁ እንዋል። አንዳችንም አንቆምም።

ረቡዕ

የገበያ ቀን። ሰባታችን ገበያው ዳር ካለው ጥላ ሥር ተደርድረን ተቀመጥን። የጠየቀን ሁሉ አንድ መልስ፦ «ከቀበሌ ወረቀት አምጣ፤ ከተማው ደግፏል።»

እስከ ረፋድ ቀልድ መሰላቸው። ከዚያ ገበያው ቆመ። የማያውቁትን ሰው በሬ ማን ይገዛል? በግ ሻጭ ሴቶች መጥተው ዙሪያችንን ከበቡን። አንዷ «አላህ ጉልበትዎን እንደ ምላስዎ ያርግልዎ!» አለችኝ። ምርቃት ይሁን እርግማን እስካሁን አልለየሁትም።

አምስት ሰዓት ላይ ማን ብቅ ይበል? ሰይድ። እሑድ የልጁ ኒካሕ ነው፤ ሰንጋ ሊገዛ። ከሩቅ አገር የመጣ ነጋዴ ጋ ዋጋ ጨርሶ፣ እጁን ዘርግቶ ዋስ ጠራ። ሼህ ኑሩን አየ፤ ሼህ ኑሩ ሰማዩን አየ። ወደ እኔ መጣ።

«አባ እንድሪስ፣ ቁሙልኝ እንጂ!»

«ልጄ፣ አንቀጽ አሥራ አራት ያስረኛል።»

«ገና ረቂቅ እኮ ነው!»

«አዎ፣ ገና ረቂቅ ነው። ሰኞ ቢሮህ የመጣሁት ለዚሁ ነበር።»

ሰው ሳቀ። ሰይድ አንገቱ ድረስ ቀላ። ባዶ እጁን ሄደ። ደስ አለኝ፤ ወላሂ እንደ ልጅ ደስ አለኝ።

ደስታዬ ዓሊ እስኪደርስ ነበር። አሥራ አንድ ፍየል ነድቶ፣ ሁለት ቀን ተጉዞ፣ አቧራ ለብሶ። ሸጦ ማሽላ ሊሸምት ነው፤ ቤቱ እህል የለም። ነገሩን አስረዳሁት። ለአንተ ብለን ነው አልኩት። ሲሰማኝ ቆየና «አንተ ካልቆምክልኝ ማን ይቆምልኛል?» አለኝ። ስድቡን ለምጃለሁ፤ ይህን ግን አልቻልኩትም። ለመቆም ተነሣሁ፤ ስድስቱ አዩኝ። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

እኔ ቤት አደረ። ፍየሎቹ የምራቴን ጎመን እስከ ሥሩ ጨረሱት። እሷም አኮረፈች፣ እሱም አኮረፈ።

ሐሙስ

ዓሊ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ፍየሎቹን ነድቶ ወደ ቆላ ተመለሰ። ከጓዳ ግማሽ ጆንያ ማሽላ ጫንኩለት፤ ተቀበለ፣ ግን ዓይኔን አላየም።

ሰይድ ደግሞ ጠዋት አስቸኳይ ጉባኤ ጠራ። ትናንት ማታ በግ ሻጮቹም፣ ሥጋ ያጡት ምግብ ቤቶችም በሩን ሲያንኳኩ አምሽተዋል አሉ። እንዳሳፈርኩት ሊያሳፍረኝ ነው ብዬ ነበር የገባሁት። እሱ ግን ተነሥቶ ያንን ደብዳቤ በራሱ አፍ አነበበው፣ ከነመንገድ መብራቱ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሱ አልሳቀም። «ፊርማው የእኔ ነው» ብሎ ተቀመጠ። እዚህ ላይ ባርኔጣዬን አነሣሁለት።

አንድ አባል ከክልል ጋር ምን ያጣላናል? ዝም ብንል ይሻላል አለ። ብዙዎች በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሐያት ተነሣች። አስተያየታችሁን ላኩ ብለው የጠየቁን እነሱ ናቸው፤ የተጠየቀ ሰው ቢመልስ ጠብ አይባልም አለች። ሐሳባችንንም ከነ መዝገቡ አቀረበች።

ሌላው ወደ እኔ ዞረና «አባ፣ ሌባ ዋስ የለም?» አለኝ። ሼህ ኑሩ ከኋላ ሲስል ሰማሁት። የቀይዋን ጊደር ታሪክ ነገርኳቸው፤ ሳልቀንስ። ተሳስቻለሁ፣ ግን ስሳሳት ቤቴን ሁሉም ያውቀው ነበር፤ ወረቀት ሲሳሳት የማን ቤት ትሄዳላችሁ? አልኳቸው።

ድምፅ ተሰጠ። ድጋፉ ይነሣ፣ አንቀጹ ይሻሻል፦ አሥራ አራት። እንዳለ ይቆይ፦ ዘጠኝ። ከአሥራ አራቱ እጆች የመጨረሻው የሰይድ ነበር።

ዓርብ

ደብዳቤውን ፖስታ ውስጥ አድርገን ከሐያት ጋር በጠዋት ተነሣን። ሚኒባሱ ካልሞላ አልሄድ አለ። ከሚሴ ስንደርስ አምስት ሰዓት ተኩል አልፏል፤ መሥሪያ ቤቱ ለጁምዓ ተዘግቷል። ሐያት ልታለቅስ ደረሰች። ምን ይደረጋል፣ እኔም መስጊድ ገባሁ። ዱዓዬ ረጅም ነበር፤ አንቀጽ ጠቅሼ የለመንኩት ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።

ሲከፈት በሩ ላይ ቆመን ጠበቅነው። የመዝገብ ቤቱ ሰው ፋይሉን አገላበጠና፣ የመጀመሪያው ደብዳቤያችሁ ወደ ክልል አልፏል አለ። ከተማችሁ ደግፋለችም፣ ተቃውማለችም ማለት ነው።

«ከሚስቴ ጋር አርባ ዓመት የኖርኩት እንዲሁ ነው፤ ተቀበለን ብቻ» አልኩት። ሳቀና ማኅተሙን መታ። ዛሬውኑ በመኪና ይሄዳል አለ። የኋለኛው የፊተኛውን ይሽራል፤ የሚያነበው ሰው ሁለቱን አብሮ ካገኛቸው። ካላገኛቸውስ? ትከሻውን ሰበቀ።

ስንመለስ ሐያት መስኮቱን ተደግፋ አንቀላፋች። ሰኞ ሠንጠረዧ ላይ «ድጋፍ» የሚለውን ሰርዛ «ይሻሻል» ልትጽፍ ነው። እኔ ልጻፈው ብያት ነበር፤ ጽሑፍዎ አይነበብም አለችኝ። ባለጌ!

ቤት ልንደርስ ስንል ስልኬ ጮኸ። ዓሊ ነው። ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ወጥቶ፣ ነፋሱ ይሰማል። ሰላምታውን አሳጠረው። ረቡዕ ፍየሎቹን ይዤ ልምጣ ወይስ ልቅር? አለኝ።

ምን ልበለው? ክልሉ የትኛውን ደብዳቤ እንደሚያነብ አላውቅም። አዋጁ መቼ እንደሚጸድቅም አላውቅም።

ና አልኩት። ወረቀት የሚጠይቅህ ካለ እኔን አልፎ ይጠይቅህ፤ ከጠዋት ጀምሮ ቆሜ እጠብቅሃለሁ።

«አሥራ አንዱንም አመጣለሁ» አለ።